ትኩሳቱ የሚመላለስ ልጅ ሲመጣ ስለ ወተቱ ጠይቁ

(ለጤና መኮንኖች፣ ለነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ የሚናገር ሰው ፈተናው ብዙ ነው። ስለዚህ ስላይድ አላበዛባችሁም። አንድ ካርድ ብቻ ላሳያችሁ።

ካርዱ የአንድ ልጅ አይደለም፤ ከብዙ ልጆች ታሪክ ለማስተማሪያ የተቀናበረ ነው። እዚህ ያላችሁ የጤና ባለሙያዎች ግን የምታውቁት ይመስለኛል። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ፍየል ያግዳል። መጀመሪያ የመጣው «ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ምግብ አልበላ ማለት» ተብሎ ነው። የወባ ምርመራው ነጻ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ 1 ለ 80። «ታይፎይድ» ተጽፎ የአንድ ሳምንት መድኃኒት ተሰጠው። ሁለተኛ ሲመጣ ዌል ፊሊክስ የሚባለው የታይፈስ የደም ምርመራ ተሠርቶ «ታይፈስ» ተባለ፤ ዶክሲሳይክሊን ለ7 ቀን። ከሥሩ በነርሷ እጅ «ተሽሎታል» የሚል አለ። ሦስተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «በግራ እግሩ ያነክሳል፤ ወድቆ ነው ይላሉ።» ማስታገሻ ይዞ ሄደ። አራተኛው ላይ ኪሎው ወርዷል። ሐኪሙ «ቲቢ?» ብሎ በጥያቄ ምልክት ጽፏል።

አራት ጊዜ መጣ፣ አራት ስም ወጣለት። በአራቱም ገጽ ላይ ግን ልጁ ምን እንደሚጠጣ፣ ከየትኛው እንስሳ ጋር እንደሚውል የጠየቀ ሰው የለም።

የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ነው። ብሩሴሎሲስ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን ላቦራቶሪ ስለሌለን ብቻ አይደለም። ላቦራቶሪው ባለበትም ያመልጠናል፤ ሳንጠይቅ ምርመራው ወደ አእምሯችን ስለማይመጣ። ለዚህ በሽታ ዋናው ምርመራ ጥያቄ ነው።

ስለ ተህዋሲው ባጭሩ ልበል። ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ሰውን በጣም የሚያሳምመው የፍየልና የበጉ ነው፤ ግመልም ይይዘዋል። የላሙ ዓይነት ትንሽ ለስለስ ይላል፤ ያም ቢሆን ልጅ አልጋ ላይ ይጥላል። እንስሳዋን ያስወርዳታል፣ እንግዴ ልጁ እንዲቀርባት ያደርጋል፣ ወተቷን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ግን ደህና ትመስላለች። ትበላለች፣ ትታለባለች፣ በሚቀጥለው ዓመት ትወልዳለች። ተህዋሲው በወተቷ ይወጣል።

ይህ «ደህና ትመስላለች» የሚለው ነገር ስንቱን እንዳሞኘ የሜዲትራኒያን ባሕሯ ደሴት ማልታ ትመስክር። እዚያ የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ሳምንታትና ወራት በማይለቅ ትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የጦር ሐኪም በበሽታው ከሞተ ወታደር ጣፊያ ተህዋሲውን አገኘ። ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አላወቀም። አየሩ ነው፣ ቆሻሻው ነው ተባለ። ፍየሎቹ ደግሞ በየመንገዱ እየተነዱ በየደጁ ይታለባሉ። ወፍራም ናቸው፣ ጸጉራቸው ያበራል፤ ማን ይጠርጥራቸው? እ.ኤ.አ. በ1905 ማልታዊው ዶክተር ቴሚ ዛሚት ደማቸውን መረመረ። ጤነኛ የሚመስሉት ፍየሎች ተህዋሲውን ተሸክመው ተገኙ። በ1906 ለወታደሮቹ የፍየል ወተት ተከለከለ። በሽታው በጦር ሰፈሩ ወዲያው ቁልቁል ወረደ። ከግቢው ውጭ ያለው ሕዝብ ግን ወተቱን መጠጣት አልተወም፤ እዚያ በሽታው ቀጠለ።

ወደ አገራችን ልምጣ። በቦረና፣ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በደቡብ ኦሞ እንስሳና ሰው አንድ ላይ ነው የሚኖረው። ወተት እዚያ መጠጥ አይደለም፤ ምግብ ነው። የግመል ወተት አይፈላም የሚል ጠንካራ ልማድም አለ። ግን «ይሄ የአርብቶ አደር በሽታ ነው» ብላችሁ እንዳትተኙ። ደጋ ላይም ላም ያለው ቤት ሁሉ ወተት ያለው ቤት ነው። ከተማ ውስጥ ከጎረቤት በጀሪካን የሚገዛው ወተት ከየትኛው ላም እንደመጣ ማን ያውቃል?

ልጆች ለምን ይጋለጣሉ ብትሉ፣ ስለምንወዳቸው ነው። በብዙ ቤት ወተት ሲጠፋ አዋቂው ይተዋል፤ ለልጅ ግን ይቀመጣል። በጾም አባትና እናት ሲጾሙ ልጁ ይጠጣል። ላሟ ስትታለብ ኩባያ ይዞ የሚቆመው ልጅ ነው። ፍየል ስትወልድ ግልገሏን የሚጠርገው፣ አቅፎ ቤት የሚያስገባው፣ አንዳንዴም የወጣውን ነገር በእንጨት የሚነካካው ልጅ ነው። ተህዋሲው ደግሞ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው፤ በእንግዴ ልጁና በፈሳሹ ውስጥ። በተጫረ ቆዳ ይገባል፣ በዓይን ይገባል፣ በትንፋሽ ይገባል።

እርጎስ? አይብስ? ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ጎምዝዟልና ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ተህዋሲው እርጎ ውስጥ ቀናትን ሊቆይ ይችላል። አይብም እሳት ላይ ይጣዳል እንጂ ብዙ ጊዜ ለብ ከማለት አያልፍም። ዕቃን በወይራ ማጠንም ለዕቃው ሽታ ይሰጣል እንጂ ወተቱን አያበስለውም። ቅቤ ለአራስ ሕፃን ማላስን በተመለከተ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ ከእኔ በላይ ስለምታስተምሩ አልፈዋለሁ። ጥሬ ጉበትና ጥሬ ዱለትም ከጥሬ ሥጋው የባሰ አደጋ አላቸው።

አሁን ወደ ልጁ። ምን ይመስላል?

ትኩሳት አለው። ያልተለመደው አመጣጡ ነው። ቀን ደህና ውሎ ወደ ማታ ይመጣል። ሌሊት ያልበዋል፤ ልብሱ ይረጥባል። ጠዋት ይበርድለታል። እናትየው ማልዳ ተነስታ፣ ሰልፍ ይዛ፣ 3 ሰዓት ላይ ወረፋ ይደርሳታል። ሙቀት መለኪያው 37.1 ይላል። «እናቴ፣ ትኩሳት የለውም እኮ» እንላታለን። «ማታ ነው የሚያተኩሰው» ትላለች። አናምናትም። ይህን ነገር ስንት ጊዜ አይተናል! እናት ማታ ያተኩሰዋል ካለች ያተኩሰዋል። መለኪያ ካላችሁ አውሷት፤ ከሌለ ደግሞ ማታ ሲያተኩሰው የሚመጣበትን መንገድ ፈልጉ።

ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ ጋብ ሊል ይችላል። በተለይ ለሌላ በሽታ የተሰጠ አንቲባዮቲክ ካለ። ካርዳችን ላይ «ተሽሎታል» የሚለውን አስታውሱ። ዶክሲሳይክሊን ለብሩሴላ ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ ለ7 ቀን ብቻ ሲሰጥ ግን ያደበዝዘዋል እንጂ አያድነውም። እዚህ ላይ አንድ ፍንጭ ያዙልኝ፦ በአንቲባዮቲክ ተሽሎት፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ በሁለት በሦስት ሳምንት የተመለሰ ትኩሳት ራሱ ምልክት ነው።

ቀጥሎ መጋጠሚያ። በልጆች ላይ ከትኩሳት ቀጥሎ ጎልቶ የሚታየው ይሄ ነው። ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ መጋጠሚያ ነው። አዋቂ ላይ ወገብ ይበዛል፤ ልጅ ላይ እግር። ትንሽ ልጅ ከሆነ «አመመኝ» አይልም፤ መራመድ ይተዋል። ይሄድ የነበረው ልጅ እቀፉኝ ይላል። ቤተሰቡ «አቅብጠነው ነው» ይላል። ትልቁ ልጅ ያነክሳል፤ ኳስ ሲጫወት ነው ይባላል። የትኛው ልጅ ነው በሳምንት አንዴ የማይወድቅ? ስለዚህ «ወድቆ ነው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ያረጋጋንና ጥያቄውን ይዘጋብናል።

ዳሌን እንዴት እንደምትመረምሩ ላሳይ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ነው። ልጁን በጀርባው አስተኙት። ሱሪው ይውለቅ። መጀመሪያ አትንኩት፣ ተመልከቱት። ዳሌው ውስጥ ፈሳሽ ካለ እግሩን ትንሽ አጥፎ፣ ወደ ውጭ ዘንበል አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የሚመቸው እንደዚያ ነው። ከዚያ ደህናውን እግር አስቀድማችሁ አንቀሳቅሱ፣ እንዳይፈራ። ወደ ታመመው ስትመጡ ዳሌውንም ጉልበቱንም አጥፉና ባቱን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ውሰዱት። ጭኑ ወደ ውስጥ ይዞራል ማለት ነው። ቀድሞ የሚጠፋው እንቅስቃሴ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ የምታዩት እግሩን ሳይሆን ፊቱን ነው። ጨክኖ ዝም የሚል ልጅ አለ፤ ቅንድቡ ግን ይናገራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጅ «ጉልበቴን» ካላችሁ ዳሌውን ሳትመረምሩ አትሸኙት። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል።

ሆዱንም ዳስሱ። ጣፊያና ጉበት ሊያድጉ ይችላሉ። ንፍፊትም ሊኖር ይችላል። የደም ቆጠራው ላይ ነጭ የደም ሕዋስ ይጨምራል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ልከኛ ወይም ዝቅ ያለ ነው። የደም ማነስ አለ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትም ሊወርድ ይችላል። የጉበት ኢንዛይም ትንሽ ከፍ ይላል። አልፎ አልፎ ሦስቱም የደም ሕዋሳት ወርደው ልጁ የደም ካንሰር የያዘው ይመስላል።

ከዚያ ደግሞ ማንም በሽታ ብሎ የማይቆጥረው አለ። ልጁ ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ትምህርቱ ይወርዳል። አስተማሪው ሰነፈ ይላል። በዚህ ጉዳይ አሊስ ኢቫንስን ማንሳት ደስ ይለኛል። አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። የላሙና የፍየሉ ተህዋሲ ዘመዳሞች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1918 ጽፋ አወጣች፣ ጥሬ ወተት አደገኛ ነው አለች። ብዙዎች አልሰሟትም። በ1922 ራሷ በበሽታው ተያዘች፤ ለዓመታት ተመላለሰባት። ድካሟ የመንፈስ ድካም ነው የተባለበትም ጊዜ ነበር። ሳይንቲስት ሆና ካላመኗት፣ የ10 ዓመት እረኛን ማን ያምነዋል?

በጉርምስና ያሉ ወንዶች ላይ የዘር ፍሬ እብጠት ሊኖር ይችላል። እናቱ ፊት አይናገርም። ለብቻው ጠይቁት። እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ ግን ብሩሴላን እርሱትና ወደ ቀዶ ሕክምና ሩጡ፤ የተጠማዘዘ ሊሆን ይችላል። በልብ ክዳንና በአንጎል ላይ የሚወጣው ዓይነት በልጆች ብዙ አይደለም። ሲመጣ ግን ከባድ ነው። ራስ ምታቱ የበረታ፣ የሚያስመልሰው፣ አንገቱ የደረቀ፣ ወይም ልቡ ላይ አዲስ ድምፅ ያለው ልጅ ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ከምን ጋር ይምታታል? ከሁሉም ጋር ብል ማጋነን አይሆንም። ወባ ባለበት አካባቢ ወባን በምርመራ አጥሩ፤ ይህ አያከራክርም። መተማና ሑመራ አካባቢ ከሆነ፣ ትኩሳትና ትልቅ ጣፊያ ያለው ልጅ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ይዞት ሊሆን ይችላል። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጋጠሚያው ጉዳይ ነው። መግል የቋጠረ መጋጠሚያ ያለው ልጅ ትኩሳቱ ኃይለኛ ነው፣ እግሩን ጨርሶ አያስነካም፣ ነገሩ የቀናት ጉዳይ ነው። ይህ ለነገ አይባልም፤ መጋጠሚያው ይበላሻል። የሩማቲክ ትኩሳት ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ዛሬ ጉልበት፣ ከነገ ወዲያ ክርን። በአስፕሪን ቶሎ ይረግባል፤ ልብን ማዳመጥ ግዴታ ነው። የብሩሴላው ልጅ በመካከል ነው ያለው። እያነከሰም ቢሆን ይሄዳል። መጋጠሚያው ያብጣል፣ ግን እንደ እሳት አይግልም። አስፕሪኑ ያስታግሰዋል እንጂ አይመልሰውም። የቲቢው ደግሞ በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ወራት ይፈጃል፣ የጭኑ ጡንቻ እየከሳ ይሄዳል። ሌሊት አጥንቱን የሚያመው፣ የገረጣ፣ ድዱ የሚደማ ልጅ ከመጣ የደም ካንሰርን አስቡ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። «ወተት አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጨርሳችኋል። እናትየው ሐኪም ፊት የትኛው መልስ ትክክል እንደሆነ ታውቃለች። «አዎ» ትላለች፤ ውሸታም ስለሆነች አይደለም፣ ተግሣጽ ስለሸሸች ነው። ሌላ መንገድ ያዙ። «ላሞቹን የሚያልባቸው ማነው?» በሉ። «ልጁስ ሲታለብ አጠገብ ነው የሚሆነው? ትኩሱን ይቀዱለታል?» «ትናንት ማታ ምን በላ? እርጎው ከየት ነው?» «ዘንድሮ የጨነገፈች ፍየል አለች? ማን አወጣላት? የት ጣላችሁት?» ይህን በጨዋታ መልክ ስትጠይቁ ሰዉ ይነግራችኋል። ስለ ከብቱ ማውራት የማይወድ ገበሬ አላየሁም።

ጊዜውን ሰፋ አድርጉ። ተህዋሲው ከገባ በኋላ ምልክቱ ብዙ ጊዜ በ2 እና በ4 ሳምንት መካከል ይታያል፤ ወራት የሚፈጅበትም አለ። «ባለፈው ሳምንት» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ያልፋችኋል። ክረምት ላይ አያቱ ዘንድ ሄዶ የነበረ የከተማ ልጅ ጥቅምት ላይ ሊታመም ይችላል። ደግሞ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያተኩሰው ሰው እንዳለ ጠይቁ። ወተቱ አንድ ከሆነ በሽተኛውም አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ፅንስ የወረዳት እናት ካለችም እዚያው መዝግቡት።

ውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ቃል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለእረፍት ትመጣላችሁ፤ አያት ከላሟ ቀድታ ታጠጣለች፤ ደስ ይላል። ልጁ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተመልሶ ቢያተኩሰው ግን እዚያ ያለው ሐኪም ብሩሴላ ላይመጣለት ይችላል። እናንተ ንገሩት። «ኢትዮጵያ ነበርን፣ ያልፈላ ወተት ጠጥቷል» ማለት ግማሽ ምርመራ ነው። ሳዑዲ ላይ በሽታው የታወቀ ነው፤ ግመልና በግ የሚጠብቁ ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው። እስራኤል ውስጥም ኔጌቭ አካባቢ ከበጎችና ከፍየሎች ጋር በሚኖሩ ቤዱዊኖች ዘንድ ይገኛል፤ ፋብሪካ ያልደረሰ አይብ ስትገዙ አስቡበት።

ጥርጣሬው ከመጣ በኋላ ላቦራቶሪ ይከተላል። ሮዝ ቤንጋል የሚባለው የብሩሴላ የደም ምርመራ ርካሽና ፈጣን ነው። አንድ ጠብታ ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል)፣ አንድ ጠብታ ሮዝ ቀለም ያለው አንቲጂን (ከተህዋሲው የተዘጋጀ መመርመሪያ)፣ ካርዱን በእጅ ማወዛወዝ፣ በደቂቃዎች ውስጥ አሸዋ መሰል ነጠብጣብ መምጣት አለመምጣቱን ማየት። ከታየ ሴረሙን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ በሚሠራ ምርመራ ይረጋገጣል፤ ምልክቱ ባለበት ልጅ 1 ለ 160 እና ከዚያ በላይ ሲሆን እንደ በሽታ ይወሰዳል። ማቅጠኑ እስከ መጨረሻው ይሠራ። ፀረ እንግዳ አካሉ ከመጠን በላይ ሲበዛ የመጀመሪያዎቹ የምርመራ ቱቦዎች ነጻ መስለው ሊያታልሉ ይችላሉ።

ደም ካልቸር (ተህዋሲውን ከደም አሳድጎ የማየት ምርመራ) የሚሠራበት ሆስፒታል ካለ ከአንቲባዮቲክ በፊት ይወሰድ። ተህዋሲው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ጠርሙሱ ቶሎ እንዳይጣል አስታውቁ። ማስታወቁ ለሌላም ነው። ብሩሴላ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠራተኛን በመያዝ ከሚታወቁት ተህዋሲያን ግንባር ቀደሙ ነው። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ «ብሩሴላ ተጠርጥሯል» ብሎ መጻፍ ለላብ ቴክኒሺያኑ ሕይወት ማሰብ ነው። የሦስት ሰከንድ ሥራ ናት፤ አትዝለሏት።

ዊዳልና ዌል ፊሊክስን በተመለከተ ብዙ ሰው እንደማይወደኝ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የተሠራ ዝቅተኛ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። ቢሆንም ከተማው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ይውላል። ሰዉም ለምዶታል፤ ካልተባለ የታከመ አይመስለውም። ይህ ልማድ ከሚደብቃቸው በሽታዎች አንዱ ብሩሴላ ነው።

ግን በሌላው ወገን እንዳንወድቅ። በጎረቤታችን ኬንያ በጤና ተቋማት በስፋት የሚሠራበት አንድ የብሩሴላ ፈጣን ምርመራ ነበር። ሲፈተሽ ብሩሴላ የሌለበትን ብዙ ሰው «አለበት» የሚል ሆኖ ተገኘ። ብሩሴላ ሳይኖረው ሳምንታት መድኃኒት የዋጠ ብዙ ነው። የሮዝ ቤንጋሉም ቢሆን ከብት ባለበት አካባቢ ቀድሞ የተጋለጠ፣ ያልታመመ ልጅ ላይ ሊታይ ይችላል። ሌሎች ተህዋሲያንም ያምታቱታል። ስለዚህ ከታሪኩና ከምልክቱ ጋር ካልተገጣጠመ ወረቀቱን ብቻ አታክሙ።

ሕክምናው ረጅም ነው፤ 6 ሳምንት። ሁልጊዜም ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ። 8 ዓመት ለሞላው ልጅ ዶክሲሳይክሊን ከሪፋምፒሲን ጋር፣ ወይም ከመርፌ ጋር። ከ8 ዓመት በታች ላለው ዶክሲሳይክሊን ለዚህን ያህል ጊዜ ለጥርሱ ስለማይመከር ኮትሪሞክሳዞልና ሪፋምፒሲን ይሰጣል። መጠኑ በኪሎ ነው፤ ሐኪሙ ያሰላዋል። አከርካሪ፣ አንጎል ወይም ልብ ከተነካ ወራት ይሆናል። በአንድ መድኃኒት ብቻ ማከም በሽታውን መጋበዝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። ሪፋምፒሲን የቲቢ መድኃኒት ነው። ልጁ ቲቢ ኖሮት ለብሩሴላ ብላችሁ ሪፋምፒሲን ብትጀምሩለት፣ ለጊዜው ይሻለውና የቲቢው ተህዋሲ መድኃኒቱን ሊለማመደው ይችላል። ቲቢን ሳታጣሩ አትጀምሩ። ስትጀምሩም ለእናትየው ሽንቱ ወደ ብርቱካንማ ቀይ እንደሚለወጥ ቀድማችሁ ንገሯት። ካልነገራችኋት «ደም ሸና» ብላ በሦስተኛው ቀን ታቋርጠዋለች። ብታቋርጠውስ ማን ይፈርድባታል?

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ልጁ ሜዳ ላይ ይሮጣል። ቤተሰቡ መድኃኒቱን የሚያቆመው ያኔ ነው። በትክክል ከታከሙት ውስጥ እንኳ ከ100 ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ያገረሽባቸዋል፤ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ስጡ። በቀጠሮው ቀን ግን የምታዩት ልጁን ይሁን፤ ኪሎውን፣ አካሄዱን፣ ማታ ማተኮሱን። የደም ምርመራው ቁጥር ከዳነም በኋላ ለወራት ላይጠፋ ስለሚችል፣ ቁጥሩ አልወረደም ብላችሁ ጤነኛ ልጅ እንደገና አታክሙ።

ጥያቄዎች ተነስተው ነበር። ጥቂቶቹን እዚህ ልመልስ።

አንድ አባት የግመል ወተት ሲፈላ መድኃኒትነቱ ይጠፋል ወይ ብለዋል። አባቴ፣ ጣዕሙ እንደሚለወጥ አልክድም። ተህዋሲው ግን በ63 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት፣ በ72 ዲግሪ ደግሞ 15 ሰከንድ ብቻ ይበቃዋል። እያማሰሉ አንዴ እስኪንተከተክ ማፍላት ከዚያ በላይ ነው። አዋቂው ልማዴን አልተውም ቢል እንኳ የልጁን ለብቻ አፍልቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያ ብንጀምርም ትልቅ ነገር ነው።

አንዲት እህት ደግሞ አንዱ ልጅ ከተገኘበት ሌሎቹ ይመርመሩ ወይ አለች። አዎ። በተለይ የሚያተኩሳቸው፣ የሚያነክሱ፣ የከሱ ካሉ። ነፍሰ ጡር ካለችም ቅድሚያ ይሰጣት። ከልጁ ይተላለፍባቸዋል ብሎ መፍራት ግን አያስፈልግም፤ ከሰው ወደ ሰው ብዙም አይሄድም። ሳህን መለየት፣ ልጁን ማራቅ አይገባም።

«ፍየሏን እንሽጣት?» የሚልም ነበር። መሸጥ በሽታውን ለጎረቤት መስጠት ነው። ያስወረደች ሁሉ ብሩሴላ አለባት ማለትም አይደለም። ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። የወጣውን ነገር በባዶ እጅ አትንኩ፤ ፌስታልም ቢሆን እጃችሁ ላይ ሸፍኑበት። ውሻ እንዳያወጣው በጥልቅ ቅበሩ። ልጆች እንዳይጠጉ። ለሰው ክትባት የለም። ለእንስሳት ግን አለ፤ ለፍየልና ለበግ ሬቭ 1፣ ለከብት ኤስ 19 እና አርቢ 51 ይባላሉ። ክትባቶቹ ሕያው ተህዋሲ ያለባቸው ስለሆኑ በስህተት ሰው ላይ ቢወጉ ሊያሳምሙ ይችላሉ። በክትባቱ ቀን ፍየሏን ይዘው የሚያቆሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። መርፌው የነካው ወይም ዓይኑ ውስጥ የተረጨበት ልጅ ካለ ሳይታመም ያኔውኑ ይምጣ፤ የክትባቱንም ስም ይዛችሁ ኑ። አርቢ 51 በሪፋምፒሲን ስለማይበገር የምንሰጠው መድኃኒት ይለያያል።